ባዳውን ያስነቀለች ዕለት

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላል ያገራችን ሰው። ልብ ሲያለቅስ እርሱ ስለሚስቅ ነው እንዲህ መባሉ። የብርጓል ግን በተረቱ አትስማማም ነበር። «ባዳማ ቢሆን አድሮ ይሄድ ነበር» ትላለች፣ ግራ ጉንጯን በመዳፏ ደግፋ። «ይኼ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ካልቀበረኝ አይለቀኝም።»

የብርጓል ሙሾ አውራጅ ናት። ከይጁቤ ገበያ ትንሽ ወጣ ብሎ ባለው ሰፈር ሰው ሲሞት ቄስ ለነፍሱ ይጠራል፣ የብርጓል ለስሙ ትጠራለች። ቄሱ የሞተውን ሁሉ ይፈታል፤ እርሷ ግን መርጣ ነው። በሕይወቱ ሳለ ለለማኝ ቁራሽ፣ ለጎረቤት ፍም የነፈገ አንድ ባለጸጋ የሞተ ጊዜ ልጆቹ «አባታችንን ከፍ አድርጊልን» ብለው አዲስ ነጠላ አለበሷት። ነጠላውን ለበሰች፣ ደረቷን መታች፣ ከፍም አደረገችው፦

የኔ ጌታ ኩሩ፣ የኔ ጌታ ጭምት፣
እጁን ሳይዘረጋ ኖሮ ሄደ በሞት።

ልጆቹ «አባታችን የማንንም እጅ ሳያይ ኖረ ተባለልን» ብለው ተንሰቀሰቁ። የቀረው ለቀስተኛ ደግሞ ለማንም እጁን ዘርግቶ እንዳልሰጠ መናገሯ ስለ ገባው ጋቢውን አፉ ላይ ጭኖ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ… አለቀሰ እንበል። እንደዚያ የደመቀ ልቅሶ በሰፈሩ ታይቶ አይታወቅም።

ማሬ የምትባል ተተኪም አለቻት። ተተኪ ናት ያለችው ማሬ ራሷ ናት። ማሬ ድምፅ አላት፤ ጉልበት አላት፤ ግጥም ግን ያላት አንድ ብቻ ነው። ገበሬ ይሙት ነጋዴ፣ ሽማግሌ ይሙት ጎረምሳ፣ ያችኑ ግጥም አራግፋ ታወጣታለች፦

አንበሳው ተኛ ወይ፣ ነብሩ ተኛ ወይ፣
በሩን የሚጠብቅ አንድ ወንድ ጠፋ ወይ።

«የሟቹ ስም የታለ?» ትላለች የብርጓል። «ስም የሌለው ሙሾ ባለቤቱ እንዳልታወቀ በግ ነው፤ ያገኘው በረት ሁሉ ይገባል።» ይህን ያለችው ማሬን ለማዋረድ ነበር እንጂ ትንቢት መናገሯ አልነበረም።

እንዲህ ያለ ምላስ ይዛ ባል አላት። እንዳላማው ይባላል። ስሙን ያወጡለት እናቱ ናቸው። አባትየው ጥሏቸው ቆላ ሲወርድ በማኅፀናቸው የቀረውን ልጅ «አባቱን አማሁት፤ እርሱን እንኳ እንዳላማው» ብለው ነው። እናትየው እስከ ዕለተ ሞታቸው ቃላቸውን ጠበቁ። ምራትየው ግን እንዲህ ያለ ቃል የገባችበት ቀን የለም። እንዳላማው ዝምተኛ ነው፤ ለእርሷ ደግሞ ዝምታ ማለት ባዶ ማሳ ነው፤ ያገኘችውን ትዘራበታለች። «ከበሬው ጋር ሲያርስ ይውልና ማታ ወሬ ይዞ የሚገባው በሬው ነው» ትላለች፣ እርሱ እየሰማ። እርሱም ይስቃል።

አንድ ጊዜ ከልቅሶ ሲመለሱ መንገድ ላይ ጠየቃት።

«እኔ የሞትሁ ዕለት ምን ትይልኝ ይሆን?»

«ላንተ? ምን ሠራህና ግጥም ይገኝልሃል?»

እንዳላማው ሳቀ። ጥርስ ባዳ ነው።

ክራንቻዋ መጠዝጠዝ የጀመረው በክረምት ነው። ቅርንፉድ ነከሰችበት። ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ጠቀጠቀችበት። ጤና አዳም አሽታ ጎረሰች። በመጨረሻ ጥጥ አረቄ ውስጥ ነክራ ደፈነችው፤ ጥርሱ ሰከረ እንጂ አልተኛም። ጸበሉም ተሞከረ፤ ጸበሉ ሌላ ብዙ ነገር አስለፈለፋት እንጂ ስለ ጥርሱ ምንም አላለም። እንዳላማው ይህን ሁሉ አይቶ ሲያበቃ አንድ ቀን ተናገረ።

«ማርቆስ ሂጅና አስነቅዪው።»

«አስነቅዬ ‹ስ›ን በምን ልበላት? ሙሾ በፉጨት የሚወርደው ለከብት ነው! አንተ ደግሞ ስትናገር በዓመት አንዴ፣ እርሱንም እኔን ሥራ ለማስፈታት!»

እንዳላማው የዓመቱን ቃል ጨርሶ ስለ ነበር ዝም አለ።

ኅዳር ላይ ታላቅ ወንድሟ አወቀ ቡአው ተነሥቶበት ማርቆስ ሆስፒታል ገባ። ሚስቱ ልታስታምመው አብራው ሄደች፤ ቤታቸው ተቆለፈ። የብርጓልም ስንቅ ቋጥራ ልትጠይቀው ተነሣች። በዚያው ጥርሷ ሌሊቱን ሙሉ ከግድግዳ ጋር ሲያላትማት ስላደረ፣ ያን ዕለት ‹ስ› ትሂድ፣ ‹ሸ›ም ትከተላት፣ ግድ የለኝም ብላ ቆርጣ ነበር። እንዳላማው ደግሞ ጤፍ አጨዳ ላይ ብርድ ገብቶት መደብ ላይ ተኝቶ ያስላል። ሳሉ ከጀመረው ሰንበትበት ብሏል፤ ሲጀምር ከሆዱ ሥር ተነሥቶ፣ ደረቱን ቧጥጦ፣ ሲጨርስ እንደ አህያ ትንፋሽ ረዝሞ የሚያልቅ ሳል ነው። የብርጓል በሩን ከፍታ ዞር አለች።

«እንግዲህ እስክመለስ እንዳትሞትብኝ። ጥርሴን ተነቅዬ ላንተ የማለቅስበት አፍ አይኖረኝም።»

«እሞክራለሁ» አለ እንዳላማው።

ሆስፒታል ስትደርስ አወቀ ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ አልጋው ላይ ተደግፎ ከነርሷ ጋር እየተጣላ ነበር።

«ይኼ ሾርባ ነው? ይኼ እኮ ድስት የታጠበበት ነው! ጨው ቢያጣ እንኳ ለጨው ዘመድ ነኝ ይበል!»

«ድኗል» አለች የብርጓል ለሚስቱ። ስንቁን አስረክባ፣ ጉንጯን ይዛ፣ ወደ ጥርስ ክፍል ሄደች።

የጥርስ ሐኪሙ ታዲዮስ ይባላል፤ ትምህርቱን ከጨረሰ ብዙ ያልቆየ፣ ጢሙን ያስረዘመ፣ ታካሚ ሁሉ በዕድሜው እንዳይንቀው ኮስተር የሚል ወጣት ነው።

«እናቴ፣ አፍዎን ይክፈቱ።»

የብርጓል ዕድሜዋን ሙሉ አፍሽን ዝጊ ስትባል የኖረች ሴት ናት። ክፈቺ ያላት የመጀመሪያው ሰው እርሱ ስለ ሆነ ወዲያው ወደደችው። ፍቅሩ መርፌውን እስክታይ ቆየ።

«ትንሽ እንደ ጉንዳን ቆንጠጥ ያደርግዎታል» አላት።

ቆነጠጣት። እንባዋ ዱብ ዱብ አለ።

«ባንተ አገር ጉንዳን በሬ ያህላል?» አለችው፣ አፏ መደንዘዝ ሳይጀምር።

ከዚያ በኋላ ጉጠቱ ገባ። ዶክተር ታዲዮስ ወዲህ አላት፣ ወዲያ አላት፤ አንድ ነገር ከራስ ቅሏ ውስጥ ቀጭ አለ። ሕመም አልተሰማትም፤ ድምፁ ግን ተሰማት፤ ማልቀሷም ለድምፁ ነበር። ሥሩ የጠቆረውን ጥርስ አንሥቶ አሳያት። እርሷም ተቀብላ በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው፤ ይህን ያህል ዘመን አብሯት የኖረን ነገር እንዲያው በቆሻሻ መጣያ ትታ መሄድ አልሆነላትም።

ዶክተሩ ጉድጓዱ ላይ ጥጥ ጣል አድርጎ አስነከሳት፤ መለወጫም በላስቲክ ጠቅልሎ ሰጣት።

«ይህን ነክሰው ይያዙ። ደሙ እስኪቆም አያውሩ። አይትፉ። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ደም ይረጋል፤ እርሱ ነው መድኃኒቱ። የረጋው ደም ከወጣ አጥንቱ ይራቆትና ከበፊቱ የባሰ ያምዎታል። ስለዚህ ዛሬን ዝም ብለው ይዋሉ፤ እሺ እናቴ?»

ዝም ብለው ይዋሉ! የብርጓል ሃይማኖትሽን ለውጪ የተባለች ያህል አፍጥጣ አየችው። ነገር ግን ከበፊቱ የባሰ የምትለዋ ቃል ልቧ ውስጥ ገብታ ነበር። እሺ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ሚኒባሱ ላይ ከደነዘዘው ከንፈሯ ጥግ ደም ያዘለ ለሃጭ ይወርድ ጀመር። ነጩ ነጠላ ላይ እንዳይታይባት ቀዩን ጥለት ወደ ላይ አዞረችና አፏንና ጉንጯን ሸፈነችበት። ጥለት ወደ ላይ የሚዞረው ለሐዘን እንደ ሆነ ከእርሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ሥራዋ ነው። ነገር ግን ጥርሱን የተነቀለ ሰው ሥራውን አያስብም። ዓይኗ አብጦ፣ ፊቷ ተሸፍኖ፣ አፏ ተለጉሞ፣ የሐዘንተኛ ሥዕል መስላ ይጁቤ ወረደች።

መውረጃው አጠገብ የሸምሲያ ሱቅ አለ። ሸምሲያ ስኳርና ሳሙና ትሸጣለች፤ ወሬ ግን በነጻ ነው። ከትናንት ጀምሮ መብራት ሄዶ ነበር፤ መብራት ሲሄድ ደግሞ ኔትወርኩም ጓዙን ጠቅልሎ ይከተለዋል። ስለዚህ ሸምሲያ ያን ቀን ነጻውም ሸቀጥ አልቆባት ነበር።

«የብርጓልዬ! ጋሽ አወቀ እንዴት ሆኑ?»

የብርጓል ‹እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነው› ማለት አማራት። ዶክተሩ አያውሩ ብሏታል። በዚህ ምክንያት ዓይኗን ጨፍና፣ አመልካች ጣቷን ወደ ሰማይ አነሣች፤ ተመስገን ለማለት። ቀጥላም ‹የአምላክ ሥራ ይገርማል› ለማለት ራሷን ቀስ አድርጋ ወዘወዘች። በመጨረሻም መዳፏን ጉንጯ ላይ አሳረፈች፤ ‹እኔን ግን እዪኝ› ለማለት።

«ኢና ሊላሂ!» አለች ሸምሲያ፣ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና።

ሸምሲያ ደግ ናት፣ ለጥርስ ይህን ያህል ማዘን! አለች የብርጓል በልቧ። አለፍ ብላ ዞር ስትል ሸምሲያ የሱቋን በር እየዘጋች ነው። ለጥርስ ሱቅ የሚዘጋ ጎረቤት ከወዴት ይገኛል? ብላ እንባዋ ሊመጣ ነበር። ጥቂት እንደ ሄደች ግን እግሯ ከበደ። ለጥርስ ሱቅ አይዘጋም። ሱቅ የሚዘጋው ለሞት ነው። እኔ በሌለሁበት ሰው ሞቷል፤ ሸምሲያም ልትነግረኝ አቅቷት ነው።

ባሕር ዛፉ ሥር ቁጭ ብላ ጥጧን ለወጠች። እግሯ ደግሞ መቀመጡን ወደደው። አንድ ባጃጅ ሴቶች ጭኖ ወደ ሰፈሯ አለፈ። ሌላ ባጃጅ ተከተለው። ውስጥ ያሉት ሲያዩዋት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ ሰላም ያላት ግን የለም። ጧት በሩ ላይ ሆና የተናገረችው ቃል ያን ጊዜ ትዝ አላት። እስክመለስ እንዳትሞትብኝ። እርሱም እሞክራለሁ ነበር ያለው። እንዳላማው ደግሞ ሞክሮ የተሳካለት ነገር እምብዛም ነው፤ ይህንም ስትለው የኖረችው ራሷ ናት።

ከቤቷ ደጅ ስትደርስ ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነበር። የዕድሩ ድንኳን ተተክሏል። የንፍሮው ድስት ተጥዷል። ያውም በአወቀ ደጅ ሳይሆን በእርሷ ደጅ። የአወቀ ቤት ስለ ተቆለፈ ለቀስተኛው ወደ እኅቱ ቤት መምጣት እንዳለበት ለሰፈሩ ሁሉ ማንም ሳይነግረው ገብቶታል፤ ያልገባት እርሷ ብቻ ናት። የገዛ ደጇ ላይ ድንኳን የሚተከለው ለማን ነው? ደግሞም መደቡ ላይ የተኛው ሰውዬ የት አለ?

ሴቶቹ እየጮኹ ተቀበሏት። ግራና ቀኝ ክንዷን ያዟት። «አይዞሽ!» አሏት። «ቻዪው እንግዲህ፣ የሁላችን መንገድ ነው!» ከድንኳኑ መሐል ማሬ ብድግ አለች፤ እንዲህ ያለ ቀን ስትጠብቅ ኖራለችና ድምፅዋን እስከ ገበያው ለቀቀችው፦

አንበሳው ተኛ ወይ፣ ነብሩ ተኛ ወይ፣
በሩን የሚጠብቅ አንድ ወንድ ጠፋ ወይ።

ስም! ስሙን ጥሪው! አለች የብርጓል በልቧ። አንቺ ደንቆሮ፣ የማን በር ነው? የማን ወንድ ነው? ማሬ ግን አንበሳውን ገልብጣ አስተኛችው፤ ደግሞ አስነሥታ አስተኛችው፤ ነብሩንም እንዲሁ። የብርጓል በጥጡ ላይ «ም…ማን?» ልትል ሞከረች፤ የወጣው «እም… እም…» ብቻ ነበር። «እዩዋት፣ አንጀቷ እርር ብሎ!» አሉና ክንዷን አጠበቁት። የነጠላዋን ቋጠሮ ጨብጣ መያዟን ያየች አንዲት ሴት «የመቃብሩን አፈር ቋጥራ መጥታ ነው» ብላ አጠገቧ ላለችው አንሾካሾከች፤ ሁለቱም አዲስ ልቅሶ ጀመሩ።

ጥጡን ተፍታ መጠየቅ ትችል ነበር። ክንዷን ቢይዟትም አፏን አልያዟትም። ነገር ግን ስትጠይቅ ሊመልሱላት ነው። ሳትጠይቅ እስከ ቆመች ድረስ እንዳላማው ግማሽ ሕያው ነው። ስለዚህ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ በፈቃዷ ዝም አለች።

ዝም ስትል ምላሷ ብቻዋን ሥራ ጀመረች። ልማዷ ነውና መጀመሪያ ያመጣችላት ሽሙጥ ነበር፦ ድሮም ዝም ባይ ነህ፣ ዛሬ ምን ተጨመረ… የብርጓል የራሷን ምላስ ተጸየፈች። ሌላ ፈለገች። ሰም የሌለው፣ ማንም በጋቢው ሥር የማይስቅበት፣ የእርሱ ብቻ የሆነ ግጥም ፈለገች። ለባለጸጋው፣ ለቀማኛው፣ ለማታውቀው ሁሉ ቶሎ ይመጣላት የነበረው ቃል አሁን አልመጣም። ምን ሠራህና ግጥም ይገኝልሃል? ያለችው እርሷ ናት። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ያገኘችው ስሙን ብቻ ነበር። ስሙ ከተወለደ ጀምሮ ግጥም ኖሯል፤ አንድም ቀን ልብ ብላው አታውቅም፦

ስሙ ‹እንዳላማው› ብሎ እየለመነኝ፣
ሳማው ኖሬ ዛሬ ባለቅስ ማን ያምነኝ።

ቋጠሮዋን ደረቷ ላይ ጨበጠች። ሴቶቹ ደገፏት።

ያን ጊዜ ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ሳል ተሰማ። ከሆድ ሥር ተነሣ፤ ደረት ቧጠጠ፤ እንደ አህያ ትንፋሽ ረዘመና አለቀ።

የብርጓል ይህን ሳል ከጤፍ አጨዳው ጀምሮ ስትራገመው ነው የከረመችው። እስከዚያች ሰዓት ግን ሳል እንዲህ እንደሚያምር አላወቀችም ነበር። እንዳላማው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ከመሪጌታ አምደሚካኤል ጋር ሆኖ ድንኳኑ ውስጥ ገባ፤ ስለ ቀብሩ ቦታ ሊነጋገር ቤተ ክርስቲያን ደርሶ መመለሱ ነበር። ወደ እርሷ መጥቶ ዓይኑን ሰበረ።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ የብርጓል።»

ጥጡ ተፈናጥሮ የንፍሮው ድስት አጠገብ ወደቀ።

«አንተ! አልሞትህም?!»

እንዳላማው ዙሪያውን አየ፤ ምናልባት ሌላ ሰው ተጠይቆ እንደ ሆነ። «ገና ነኝ» አለ።

«ታዲያ የሞተው ማን ነው?»

«አወቀ ነዋ። ወንድምሽ።»

«አወቀ?! አወቀን ጧት ትቼው የመጣሁት ሾርባው ጨው የለውም ብሎ ከነርሷ ጋር ሲጣላ ነው! ሬሳ ስለ ጨው ይጣላል?»

ማሬ አንበሳውን መሐል መንገድ ላይ አቆመችው። የሁሉም ዓይን ወደ ሸምሲያ ዞረ።

«ጣቷን ወደ ሰማይ አነሣች እኮ!» አለች ሸምሲያ። «አላህ ወሰደው ማለቷ መሰለኝ! ጥለቱን ደግሞ እዩት!»

«ተመስገን ማለቴ ነው! ጥርሴን ተነቅዬ ነው!» የብርጓል ቋጠሮውን ፈታች። የጠቆረው ክራንቻ መዳፏ ላይ ተንከባለለ። የመቃብር አፈር ነው ያለችው ሴት አማተበች።

መሪጌታ አምደሚካኤል በቅኔ ቤት የሸበቱ ሰው ናቸው። ጥርሱን አጎንብሰው አዩት፤ ሰፈሩንም ቀና ብለው አዩት።

«የኛ ሰው መከራው ይኼ ነው» አሉ። «ሰው ጣቱን ወደ ሰማይ ቢያነሣ ሰሙ ተመስገን ነው። ለኛ ግን ሰሙ አይበቃን! ወርቁን ካልቆፈርን አናድርም። ይኸው ቆፈርን፤ ሰው ገደልን። በሉ፣ ድንኳኑም ከተተከለ፣ ጉድጓዱም ከታሰበ፣ ይህን ጥርስ እንኳ እንቅበረው።»

ሰፈሩ መሳቅ ፈልጎ ከልቅሶው ገና አልወጣም ነበር፤ ስለዚህ ሁለቱንም አብሮ አደረገው። ማሬ ብቻ አልሳቀችም።

«ግጥሙ እንኳ አይጠፋም፤ ለሌላ ይሆናል» አለች።

«ለሌላማ ሲሆን ኖሯል!» አለች የብርጓል፣ ደሟ በአገጯ እየወረደ። «ስም አውጪለት ለአንበሳሽ! ስም ቢኖረው እኔ ባሌን አልቀብርም ነበር!»

ይህ ንግግር ዋጋ አስከፈላት። ንፍሮው ግን ደርሶ ነበርና ተበላ፤ የፈላ ንፍሮ ሟች ጠፋ ተብሎ አይደፋም። ባለ ጥርሱ ሁሉ ሲቆረጥም ዋለ።

ዶክተሩ ያለው አልቀረም፤ የረጋው ደም ወጥቶ አጥንቱ ተራቆተ። ሕመሙ በጆሮዋ ዞሮ ከዓይኗ ሥር ገባ፤ ጉንጯ እንደ ድፎ ዳቦ ተነፋ። ጤና ጣቢያው ጉድጓዱን አጥቦ መድኃኒት ያለው ጥጥ አኖረበትና ተመሳሳይ ምክር ሰጣት፦ ዝም በዪ። በዚህ ጊዜ ግን የምክሩን ፍሬ ቀምሳዋለችና ዝም አለች።

ያን ጊዜ ነው እንዳላማው መናገር የጀመረው። በሶ በጥብጦላት ሲመጣ መደቡ ጫፍ ላይ ይቀመጥና ያወራል። በሶው ጓል በጓል ነው፤ ወሬው ግን ለስላሳ ነበር። ስለ ጤፉ አወራ። ስለ በሬው ጠባይ አወራ፤ በሬውም የወሬ ምንጭ አለመሆኑ በዚሁ ተረጋገጠ። ለብ ያለ የጨው ውኃ ሲያቀርብላት፣ «አንከባልለሽ ልቀቂው፤ አትትፊው ብለዋል» ይላታል፤ ሳትተፋ ያሳለፈችው ነገር ለሌላት ሴት ይህም ሌላ ቅጣት ነው። ጭምት ሲባል የኖረው ሰውዬ ለካ ዘመኑን ሁሉ ተራ ሲጠብቅ ኖሯል።

አንድ ቀን ስለ ራሳቸው አወራ።

«መጀመሪያ ያየሁሽ የማላውቀው ሰው ልቅሶ ላይ ነው» አላት። «መንገደኛ ነበርሁ። ድምፅሽን ሰማሁና ገባሁ፤ ሟቹን ሳላውቀው አለቀስሁ። ከዚያ በኋላ በየልቅሶው እየተከተልሁሽ የማላውቀውን ሬሳ ሁሉ ሸኘሁ። ሌላው ጎረምሳ ሚስት ሰርግ ለሰርግ ሲፈልግ እኔ ልቅሶ ለልቅሶ። አባቴ ቆላ ወርዶ እንደ ሞተ የሰማሁ ጊዜ እንኳ ያን ያህል አላለቀስሁም።»

የብርጓል የምትመልሰው ብዙ ነበራት። ጥጡን ነክሳ በሶዋን ጠጣች።

መብራቱ ሲመጣ ኔትወርኩም ተመለሰ፤ አወቀም ሞቱን ሰማ። ደወለና ስልኩ በእንዳላማው ጆሮ ላይ እያለ እስከ ደጅ ተሰማ።

«ማን መጣ? ማን ቀረ? ያ ድንበሬን የገፋው አለቀሰ?»

«አለቀሰ፤ ከሁሉ አብልጦ።»

«ተደስቶ ነው! ሙሾውስ? ማን አወረደ?»

«ማሬ። አንበሳ ብላሃለች። ነብርም።»



«አንበሳ?» አለ አወቀ፣ ድምፁ ለስልሶ። «የብርጓል ያን ያህል አትለኝም ነበር።»

እብጠቱ ሲጎድል፣ ሕመሙም ሲተዋት፣ አንድ ጧት ሁለቱ ደጅ ወጥተው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ውሻቸው እግራቸው ሥር ተኝቷል። የእንዳላማው ሳል ቀለል ብሎታል፤ ወሬውም እንደዚያው ቀንሷል፤ የእርሷ አፍ እየዳነ መሆኑን ያውቃልና። ቢሆንም አንድ የቀረችው ጥያቄ ነበረች።

«ያን ዕለት ድንኳኑ ውስጥ፣ እኔ ሞቼ ሳለሁ» አለ፣ «ምን ልትይልኝ ነበር?»

«ላንተ? ምን ሠራህና…» ብላ ጀመረች፤ ምላሷ አሮጌውን መንገድ ሳትጠየቅ ይዛው ነበር።

እንዳላማው ሳቀ። የብርጓል ጥርሱን አየችው። ሙሉ ነበር፤ ባዳው ሁሉ በቦታው ተሰልፏል። ከጀርባው ያለውን ለማየት ዓይኑን ቀና ብላ ማየት ነበረባት፤ አየችው። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለሬሳ እንደምታደርገው ሳይሆን ጉሮሮዋን ቀስ ብላ ጠርጋ፣ አለችው፦

ስሙ ‹እንዳላማው› ብሎ እየለመነኝ፣
ሳማው ኖሬ ዛሬ ባለቅስ ማን ያምነኝ።

የፈራችው ደርሶ ነበር። ‹ስሙ› ላይ ከክራንቻዋ ጉድጓድ ቀጭን ፉጨት ወጣ። ‹ሳማው› ላይ ደግሞ ፉጨቱ እንዲያ ጠንክሮ ወጣና ውሻው የተጠራ መስሎት ብድግ አለ፤ ማንም ሌላ ነገር ሳይለው ሲቀር ግራ ተጋብቶ ተመልሶ ተኛ።

እንዳላማው ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ይህኛው ዝምታ ግን ባዶ ማሳ አይመስልም ነበር፤ የብርጓልም ምንም አልዘራችበትም።

«እኔ አምንሻለሁ» አለ በመጨረሻ። ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ። «‹ሳማው› የምትለዋ ላይ ግን ታፏጪያለሽ።»

«እንግዲያ ቶሎ አትሙታ፣ አፌ እስኪለምድ!»

«እሞክራለሁ» አለ እንዳላማው።